ከቡልጋሪያኛ ወደ እንግሊዝኛ የሥነ ምግብ ተርጓሚ ስለማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወረቀቱ ከሶፊያ ሆስፒታል የወጣ የአመጋገብ መመሪያ ሊሆን ይችላል። ወይም በሰፕሊመንት (እንደ ቪታሚን ያለ የምግብ ማሟያ) ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ። ወይም ደግሞ አባታችሁ በደርግ ዘመን ቡልጋሪያ ተልከው ሲማሩ የጻፉት የመመረቂያ ጥናት። ጽሑፉ በቡልጋሪያኛ ነው። አንባቢው ግን ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያለ፣ ቡልጋሪያኛ የማያውቅ ሐኪም፣ ተመራማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ነው። የትርጉም ሥራ ሳስተባብር ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ደግሞ ይመሳሰላል። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ሁለቱን ቋንቋዎች አቀላጥፎ የሚናገር ሰው አይበቃኝም? የግድ ሥነ ምግብ የሚያውቅ መሆን አለበት?

ለሰላምታ ደብዳቤ ይበቃል። ለሥነ ምግብ ጽሑፍ አይበቃም። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ረጃጅሞቹን የሕክምና ቃላት ነው። እነሱ ግን አብዛኞቹ ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ስለሆኑ በሁለቱም ቋንቋ ይመሳሰላሉ። መዝገበ ቃላትም አያጣቸውም። ተርጓሚን የሚጥሉት የወጥ ቤት ቃላት ናቸው። ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ስለሚመስለው ማንም አያጣራቸውም።

ቤልተክ የሚለውን ቃል እንውሰድ። ኬክ አሠራር ላይ ስታገኙት የእንቁላል ነጩ ክፍል ነው። ብዙ ቁጥሩ፣ ቤልተትሲ፣ የምግብ መለያ ላይ ሲጻፍ ግን ፕሮቲን ማለት ነው። ለኩላሊት ታካሚ የተጻፈ መመሪያ «ቤልተትሲ ይቀነስ» ቢልና ተርጓሚው «የእንቁላል ነጭ ይቀነስ» ብሎ ቢያልፈው፣ ታካሚው ሥጋውን እየበላ ትእዛዙን የጠበቀ ይመስለዋል።

ካሊይ ደግሞ ፖታሲየም ነው። ካልሲየም በቡልጋሪያኛ ካልትሲይ ይባላል። በእንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ ግን ካሊይን ሲሰማ ቶሎ የሚመጣለት ካልሲየም ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ የትርጉም ድርጅት በተመለሰልን ሰነድ ላይ ፖታሲየሙ ሁሉ ካልሲየም ሆኖ አገኘሁት። ሰነዱ የዳያሊሲስ፣ ማለትም የኩላሊት እጥበት፣ ታካሚ ነበር። በዳያሊሲስ ላይ ላለ ሰው ፖታሲየም ከመጠን ሲያልፍ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ሊገድልም ይችላል። ከዚያ ቀን ወዲህ የማዕድናቱን ስም አንድ በአንድ ሳላይ ያሳለፍኩት ገጽ የለም።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኛ ቅርብ ነው። ቡልጋሪያውያን አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እንደኛው ከእንስሳት ተዋፅኦ ይጾማሉ። የጾም ምግብ በቋንቋቸው ፖስትኖ ይባላል። ያው ቃል ግን ከሥጋ ጋር ሲመጣ፣ ፖስትኖ ሜሶ ሲባል፣ ጮማ የሌለው ሥጋ ማለት ይሆናል። «የጾም ሥጋ» የሚባል ነገር እንደሌለ እኛ ወዲያው እንገምታለን። ጾምን የማያውቅ ተርጓሚ ግን የጾሙን ምግብ ሁሉ «ስብ የሌለው» እያለ ሊሄድ ይችላል። በዘይት የተጠበሰ የጾም ምግብ ደግሞ ስብ የሌለው አይደለም።

ስለ ወተት ተዋፅኦ ብዙ ይወራል። ምንድን ነው ችግሩ?

ቡልጋሪያን ያለ እርጎ ማሰብ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1905 እርጎን የሚያረጋውን ባክቴሪያ ያገኘው ስታሜን ግሪጎሮቭ የሚባል ቡልጋሪያዊ የሕክምና ተማሪ ነው። ያኔ ጄኔቫ ነበር የሚማረው። ባክቴሪያው እስከ ዛሬ በአገሪቱ ስም ቡልጋሪከስ እየተባለ ይጠራል። ስለዚህ ከዚያ አገር የሚመጣ የሥነ ምግብ ጽሑፍ ላይ የወተት ቃላት መብዛታቸው አይገርምም።

እርጎው ኪሴሎ ምልያኮ ይባላል። ቃል በቃል ጎምዛዛ ወተት ነው። በእንግሊዝኛ እንደዚያ ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ግን የተበላሸ ወተት አድርጎታል። ፕርያስኖ ምልያኮ ደግሞ ቃል በቃል ትኩስ ወተት ቢመስልም ያልረጋ ወተት ማለት ብቻ ነው። ከእርጎ ለመለየት ነው እንደዚያ የሚባለው። ለወራት የሚቀመጠው የካርቶን ወተትም በዚሁ ስም ይጠራል። «ትኩስ ወተት ብቻ ይጠጣ» የሚል ትርጉም ያነበበች እናት ከገበሬ ቤት ያልተፈላ ወተት ፍለጋ ልትሄድ ትችላለች።

ሲሬኔ የሚባለውም አለ። በጨው ውኃ ውስጥ የሚቆይ ነጭ አይብ ነው። ካሽካቫል ቢጫውና ጠንካራው ነው። ኢዝቫራ ደግሞ ፍርፍር ያለና ለስላሳ ሲሆን ከሦስቱ የእኛን አይብ የሚቀርበው እሱ ነው። ሦስቱም በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል «ቺዝ» ከተባሉ የጨዉ ስሌት ገደል ገባ። የደም ግፊት ላለበት ሰው ሲሬኔና ኢዝቫራ አንድ አይደሉም። ጥሩ ተርጓሚ ሲሬኔን «በጨው ውኃ የቆየ ነጭ አይብ» ብሎ ይጽፈዋል፤ የቡልጋሪያኛ ስሙንም አብሮ ይተወዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ከየት አገኘዋለሁ?

ብዙ ሰው የሚጀምረው ፕሮዝ ዶት ኮም ከሚባለው የተርጓሚዎች ድረ ገጽ ነው። እዚያ የቋንቋ ጥንዱንና የሙያ መስኩን መርጣችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። «ሥነ ምግብ» ብቻ ብላችሁ አትፈልጉ። ሰው ስለሚያንስባችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ሕክምና፣ የምግብ ኢንዱስትሪ፣ መድኃኒት፣ ግብርና የሚሉትንም ሞክሩ። ከዚያ የሰውየውን የሥራ ታሪክ አንብቡ። የምግብ መለያ ሲተረጉም የኖረ ሰው ራሱን «የምግብ ኢንዱስትሪ» ውስጥ አስመዝግቦ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የሙያ ማኅበራቱም ማውጫ አላቸው። አሜሪካ ያላችሁ የአሜሪካ ተርጓሚዎች ማኅበርን፣ እንግሊዝ ያላችሁ አይቲአይ የሚባለውን የተርጓሚዎችና የአስተርጓሚዎች ተቋም ወይም ቻርተርድ ኢንስቲትዩት ኦፍ ሊንጉዊስትስን ተመልከቱ። ሶፊያ ውስጥ ደግሞ የቡልጋሪያ ተርጓሚዎች ኅብረት አለ።

እኔ ግን ምርጦቹን ያገኘሁት በሌላ መንገድ ነው። ፕሎቭዲቭ ውስጥ የምግብ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። በፕሎቭዲቭ፣ በሶፊያ፣ በቫርናና በፕሌቨን ያሉት የሕክምና ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪዎችን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ ስለ ሆድ ዕቃና ስለ ቪታሚን ሲያወራ የሚውል ሰው እዚያ አለ። ከነዚህ ቦታዎች ወጥቶ ወደ ትርጉም የገባ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

አፉን የፈታው በቡልጋሪያኛ ይሁን ወይስ በእንግሊዝኛ?

የተለመደው ደንብ ተርጓሚ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ይተርጉም የሚል ነው። ደንቡ ጥሩ ነው። በዚህ ጥንድ ላይ ግን ብዙ አይሠራም፤ እንግሊዝኛ አፉን ፈትቶ፣ ቡልጋሪያኛ ተምሮ፣ በዚያ ላይ ሥነ ምግብ የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ የምመርጠው ቡልጋሪያዊ ተርጓሚና እንግሊዝኛ አፉን የፈታ አራሚን አንድ ላይ ማሠራት ነው። ቡልጋሪያዊው ኢዝቫራ ሲበላ ያደገ ስለሆነ በምግቡ አይሳሳትም። አራሚው ዓረፍተ ነገሩን ያቃናል።

የትርጉም ድርጅት የምትቀጥሩ ከሆነ አይኤስኦ 17100 የሚባለውን ደረጃ ይከተሉ እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ደረጃ ትርጉሙን ሁለተኛ ሰው ከዋናው ጽሑፍ ጋር እያስተያየ እንዲያየው ያስገድዳል። ሁለተኛው ዓይን ማን እንደሆነ ስሙን ጠይቁ። አትፈሩ፤ መብታችሁ ነው።

ብቃቱን በምን ልፈትነው? እኔ ቡልጋሪያኛ አላውቅም።

ቡልጋሪያኛ ባታውቁም ትችላላችሁ። ስልክ ደውሉና ከዚህ በታች ያሉትን ዓይነት ጥያቄዎች ጠይቁት። ከመልሱ ይልቅ አመላለሱን አድምጡ።

«ታካሚው 100 ግራም ራኪያ እጠጣለሁ ካለ በእንግሊዝኛ እንዴት ትጽፈዋለህ?» በሉት። ራኪያ የቡልጋሪያ አረቄ ነው። ቡልጋሪያ ውስጥ አረቄ በግራም ነው የሚታዘዘው፤ 100 ግራም ሲሉ 100 ሚሊ ሊትር ማለታቸው ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያ ግን የአልኮል መጠንን ራሱን በግራም ነው የሚያሰላው። 100 ሚሊ ሊትር 40 በመቶ የሆነ ራኪያ ውስጥ ያለው ንጹሕ አልኮል ወደ 32 ግራም ገደማ ነው። «100 ግራም አልኮል» ብሎ የተረጎመ ሰው የሰውየውን መጠጥ ሦስት እጥፍ አሳደገው። ይህን ሳትነግሩት የሚያነሳላችሁ ተርጓሚ የምትፈልጉት ሰው ነው።

«አንድ ኮፊችካ እርጎ ምን ያህል ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ኮፊችካ ትንሽ ባልዲ ማለት ነው፤ ሱቅ የሚሸጠው የእርጎ ዕቃ ነው። የተለመደው 400 ግራም ይይዛል። «አንድ ባልዲ እርጎ» የሚል ትርጉም አይቼ አውቃለሁ።

ዛኩስካንም ጠይቁ። ቁርስ ነው። መክሰስም ነው። ምሽት ላይ የተበላ ዛኩስካ ቁርስ ካልሆነ ምን እንደሆነ አስቦ የሚመልስ ሰው ይሻላል። ፒፔርም እንደዚሁ ነው፤ ቼሬን ሲባል ቁንዶ በርበሬ፣ ቼርቬን ሲባል የተፈጨ ቀይ በርበሬ ነው።

ከዚያ ከራሳችሁ ሰነድ 200 ወይም 300 ቃል ያህል ቆርጣችሁ ላኩለትና ክፈሉት። ነፃ ናሙና መጠየቅ አልወድም። ጥሩ ተርጓሚ ሥራ አለው፤ በነፃ የሚሠራላችሁ ሥራ የሌለው ነው። ናሙናው ሲመለስ ማስታወሻ ይኑረው። ምንም ጥያቄ ሳያነሳ፣ ምንም ሳይጠራጠር የመለሰ ሰው እኔን አያሳምነኝም።

የሰፕሊመንትና የዕፅዋት ጽሑፍ ነው ያለኝ። የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል?

በጣም። ቡልጋሪያ የመድኃኒት ዕፅዋት አገር ናት። ሰዎቹ ለሆድም ለእንቅልፍም ሻይ ያፈላሉ፤ ሐኪሙም መመሪያው ላይ ሊጽፈው ይችላል። ችግሩ የዕፅዋቱ የአገር ስም ነው።

ካንታሪዮን የሚባል አለ። ዠልት ካንታሪዮን፣ ማለትም ቢጫው፣ በእንግሊዝኛ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚሉት ነው። የሳይንስ ስሙ ሃይፐሪከም ፐርፎራተም ነው። ይህ ተክል ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን፣ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪንን፣ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ኃይል ይቀንሳል። ከድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድም አደገኛ ነው። ቼርቬን ካንታሪዮን፣ ማለትም ቀዩ፣ ሌላ ተክል ነው። ዘመድም አይደሉም። የምግብ ፍላጎት ለመቀስቀስ የሚጠጣ መራራ ቅጠል ነው። ቀለሙን የዘለለ ተርጓሚ አንዱን በሌላው ቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ ለተርጓሚው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እያንዳንዱ ተክል ከላቲን ስሙ ጋር ይጻፍ።

ሌላው ነጥብ ሰፕሊመንት የሚለው ቃል ራሱ ነው። ቡልጋሪያኛው ህራኒቴልና ዶባቭካ ይለዋል። ዶባቭካ ብቻውን ጭማሪ ማለት ስለሆነ፣ በኢ ቁጥር የሚታወቁት የምግብ ማቆያዎችና ማቅለሚያዎችም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ቪታሚኑን ማቅለሚያ ያደረገ ትርጉም ያጋጥማል። በእንግሊዝኛውም በኩል ልዩነት አለ፤ የአውሮፓ ሕግ «ፉድ ሰፕሊመንት» ይላል፣ አሜሪካኖቹ «ዳይተሪ ሰፕሊመንት» ይላሉ። አንባቢያችሁ የት እንዳለ ለተርጓሚው ንገሩት።

«አጥንት ያጠነክራል» የሚል ዓይነት ቃል ካለም ልብ በሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው ደንብ ቁጥር 1924 መሠረት ስለ ጤና ጥቅም የሚጻፍ ነገር ፈቃድ ያስፈልገዋል። የተፈቀዱት አባባሎች በቡልጋሪያኛም በእንግሊዝኛም በሕግ ተጽፈው ተቀምጠዋል። ተርጓሚው ከራሱ ማማረጥ አይጠበቅበትም። ዩር-ሌክስ የሚባለው የኅብረቱ የሕግ ድረ ገጽ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ያሳያል። ይህን የማያውቅ የምግብ ተርጓሚ መስኩ ውስጥ ገና እንግዳ ነው።

የላብራቶሪ ውጤቱን ወደ አሜሪካ ቁጥር እንዲቀይርልኝ ልጠይቀው?

አይሆንም። ቢያንስ በዝምታ አይቀይረው። ቡልጋሪያ የደም ስኳርን በሚሊሞል በሊትር ትለካለች፤ አሜሪካ በሚሊግራም በዴሲሊትር። ለስኳር ሲባል በ18 ይባዛል። 5.6 የነበረው 101 ገደማ ይሆናል። ለኮሌስትሮል ግን ማባዣው 38.67 ነው። በስኳሩ ማባዣ ኮሌስትሮሉን ያባዛ ሰው ጉድ ይሠራል። ትክክለኛው አካሄድ ዋናውን ቁጥር ከነመለኪያው እንዳለ መተው ነው። ከተፈለገ የተቀየረው በማስታወሻ፣ የተርጓሚው ጭማሪ መሆኑ ተገልጾ ይግባ።

ነጥብና ነጠላ ሰረዝም ያምታታሉ። ቡልጋሪያውያን አሥርዮሹን የሚለዩት በነጠላ ሰረዝ ነው። ሰረዙ ከጠፋ 5.6 ተብሎ መነበብ የነበረበት 56 ይሆናል። ቀኑም እንደዚሁ ነው፤ እነሱ ቀንን ያስቀድማሉ፣ አሜሪካ ወርን። የማርች 4 ምርመራ የኤፕሪል 3 ሆኖ ይነበባል። ወሩ በፊደል ይጻፍልኝ በሉ፣ ያልቃል።

የቫይታሚን ዲ መጠን አንዳንዴ በማይክሮግራም፣ አንዳንዴ በዓለም አቀፍ ዩኒት ይጻፋል። 1 ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው። መለኪያው ከተሳሳተ መጠኑ 40 እጥፍ ይሳሳታል።

በእጅ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጥርት ያለ ስካን ላኩ። የቡልጋሪያኛው ፊደል፣ ሲሪሊክ፣ በእጅ ሲጻፍ መልኩን ይቀይራል። የቲ ድምፅ ያለው ፊደላቸው የላቲኑን ኤም ይመስላል፤ የፒው ደግሞ ኤንን። በስልክ የተነሳ ደብዛዛ ፎቶ ላይ ማንም ይሳሳታል። ያልተነበበውን ተርጓሚው «አይነበብም» ብሎ ይጻፍ እንጂ አይገምት።

የምግብ መለያ ትርጉም ለአሜሪካ ገበያ ይሆናል?

ትርጉሙ ብቻውን አይሆንም። የአውሮፓ መለያ በ2011 በወጣው ደንብ ቁጥር 1169 መሠረት የሚጻፈው በ100 ግራም ነው፤ ጨውን ይጠቅሳል። የአሜሪካው በአንድ ጊዜ በሚበላ መጠን ይሰላል፤ ጨው ሳይሆን ሶዲየም ይላል። ሶዲየሙን በ2.5 ስታባዙ ጨዉን ታገኛላችሁ። ካርቦሃይድሬቱም አንድ አይደለም፤ አሜሪካኖቹ ፋይበርን ጨምረው ይቆጥሩታል፣ አውሮፓውያኑ ለብቻው ያወጡታል። ይህ የተርጓሚ ሥራ አይደለም፤ የመለያ ባለሙያ ይጨመርበት። ለምርምር ወይም ለራሳችሁ ዕውቀት ከሆነ ግን ቀጥታ ትርጉሙ ይበቃል።

ታካሚው የተናገረው የአመጋገብ ታሪክ ተጽፎልኛል። እዚህ ላይ ምን ይጠፋል?

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ በቀላሉ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቡልጋሪያኛ ግሡን ራሱን ቀይሮ «እኔ አላየሁም፣ ሲባል ነው የሰማሁት» ማለት ይችላል። እኛ «ዳቦ አይበላም አሉ» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነሱ በግሡ መልክ ይሉታል። ሐኪሙ ታካሚው የነገረውን ሲጽፍ በዚህ መልክ ሊጽፍ ይችላል። በእንግሊዝኛ ይህ ግስ የለም። ያልነቃ ተርጓሚ «ታካሚው ዳቦ አይበላም» ብሎ እውነት አድርጎ ያስቀምጠዋል። የነቃው «እንደ ታካሚው አባባል» የሚል ይጨምርበታል። ለሥነ ምግብ ባለሙያ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሰው በላሁት የሚለውና የበላው ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

የባለሙያው ማዕረግ እንዴት ይተርጎም?

እንግሊዝ ውስጥ ዳይቲሺያን (የአመጋገብ ሕክምና ባለሙያ) በሕግ የተጠበቀ ማዕረግ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው ሊጠራበት አይችልም። ኒውትሪሽኒስት (የሥነ ምግብ ባለሙያ) የሚለው ግን ያን ጥበቃ የለውም። ቡልጋሪያ ውስጥ ደግሞ ሐኪም ሆኖ በሥነ ምግብና በዳይቴቲክስ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሰው አለ። እሱን «ዳይቲሺያን» ብሎ መተርጎም ሐኪምነቱን ይሰርቀዋል። ማዕረጉ ይተርጎም፣ ከጎኑም ዋናው ስም ይቀመጥ። የድሮ ዲፕሎማ ላይም እንዲሁ ነው። የፕሎቭዲቩ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ሌላ ስም ነበረው። ዲፕሎማው ላይ ያለው ስም ይተርጎም፤ የዛሬው በማስታወሻ ይግባ።

ማረጋገጫ ያለው ትርጉም ሲባል ምን ማለት ነው?

ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን ከሆነ ሙሉው ሰነድ መተርጎም አለበት። ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ እሱም ቋንቋውን እንደሚችል ጽፎ ይፈርማል። እንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር ትጠይቃለች፤ ቀን፣ ስምና አድራሻ ይኖርበታል። በሁለቱም አገሮች እንደ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ቃለ መሐላ የፈጸመ የመንግሥት ተርጓሚ የሚባል ሥርዓት የለም። አፖስቲል (ሰነዱ በሌላ አገር እንዲታመን የሚሰጥ የመንግሥት ማረጋገጫ) ከተጠየቃችሁ እሱ የሚሰጠው ሰነዱ በወጣበት በቡልጋሪያ ነው። ተርጓሚ አይሰጥም። እሰጣለሁ ካላችሁ ሽሹ።

ዋጋውና ጊዜውስ?

ቡልጋሪያ ያሉ ተርጓሚዎች በገጽ ነው የሚያስከፍሉት። የእነሱ አንድ ገጽ ባዶ ቦታውን ጨምሮ 1800 ፊደል ነው፤ የእናንተ ወረቀት አንድ ገጽ አይደለም። በሌላ አገር ያሉት ብዙዎቹ በቃል ይቆጥራሉ። ስለዚህ ሁለት ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት የጠቅላላውን ሥራ ዋጋ ጠይቁ። አንድ ተርጓሚ በቀን ከ2000 እስከ 2500 ቃል ቢሠራ ደህና ነው። ሠንጠረዥ የበዛበት ጽሑፍ ይዘገያል። 10,000 ቃል ለነገ አደርሳለሁ የሚል ሰው ወይ ለሌሎች ያከፋፍለዋል ወይ ለማሽን ይሰጠዋል።

በጉግል ትራንስሌት ወይም በኤአይ ልሞክረውስ?

ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሞክሩ፤ ጥሩ ነው። ዛሬ ማሽኖቹ ቡልጋሪያኛን ድሮ ከነበረው እጅግ በተሻለ ይተረጉማሉ። አስቸጋሪነታቸው ዓረፍተ ነገሩ ቆንጆ ሆኖ ሲሬኔው «ቺዝ»፣ ኮፊችካው «ባልዲ» መሆኑ ነው። ማማሩ ስህተቱን ይሸፍነዋል። ሰው ሊበላው ወይም ሊውጠው የሚወስንበት ጽሑፍ ከሆነ ሰው ይየው።

የታካሚ ስም ያለበትን ወረቀት ደግሞ ነፃ መተርጎሚያ ላይ አትለጥፉ። በአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ አለው። ለተርጓሚ ስትልኩም የምሥጢር ስምምነት አስፈርሙ። ስምና የልደት ቀን ለትርጉሙ ካላስፈለገ ሸፍናችሁ ላኩ።

ከሐኪሙ ጋር በቪዲዮ መነጋገር እፈልጋለሁ። ያው ተርጓሚ ይሠራልኛል?

የግድ አይደለም። በጽሑፍ መተርጎምና በቃል ማስተርጎም ሁለት ሙያ ነው። አስተርጓሚ ፈልጉ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቡልጋሪያውያን «አዎ» ሲሉ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ፣ «አይ» ሲሉ ወደ ላይ ይነቀንቃሉ። «ይህን ቪታሚን ልቀጥል?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ሐኪሙ ራሱን ቢያወዛውዝ ቃሉን ጠብቁ።

ለእናቴ ነው፤ ለምን በቀጥታ ወደ አማርኛ አይተረጎምም?

አንባቢዋ እናታችሁ ብቻ ከሆኑ ከእንግሊዝኛው በፊት ሌላ መንገድ ሞክሩ። ቡልጋሪያ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና የግብርና ባለሙያዎች አሉ፤ አሁን በዕድሜ ገፍተዋል። በማኅበረሰባችሁ ጠይቁ። ኢዝቫራን «እንደኛ አይብ ነው» ብለው፣ ቦዛ የሚባለውን የእህል መጠጥ «ከቦርዴ ይቀርባል» ብለው በአንድ ቃል ያስረዷቸዋል። የትኛውም እንግሊዝኛ ያንን አያደርግም። ለሆስፒታል የሚቀርበው ግን በተርጓሚ ተሠርቶ ይፈረምበት።

ሥራው ከተመለሰ በኋላ ስህተት ባገኝስ?

ሳትውሉ ሳታድሩ ጻፉለት። ስህተቱን ከገጽና ከመስመር ጋር አመልክቱ። ጥሩ ተርጓሚ አርሞ፣ ቀኑን ቀይሮ፣ በድጋሚ ፈርሞ ይልካል። ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያደርግ ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ። የታረመው ሲደርሳችሁ የተሳሳተውን ቅጂ ለማን ለማን እንደሰጣችሁ አስታውሱና አዲሱን ላኩላቸው። የእኔን የዳያሊሲስ ሰነድ ባረምንበት ቀን ሦስት ቦታ ደውለን ነበር። አንደኛው ቦታ የድሮውን ቅጂ ፋይል ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ሄደን አስወጣነው።